አደራውን ማን በላው

እንጀራዬን የምበላው በሰው ጠብ ነው። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጭማቂ ቤት መካከል በተወሸቀች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ድሮ በታይፕ ነበር፣ አሁን በኮምፒውተር ነው፤ ጠቡ ግን ያው ነው። ባል በሚስቱ፣ ወንድም በወንድሙ፣ አከራይ በተከራዩ ላይ ያለውን ሁሉ ይዘረግፍልኛል። እኔም ስድቡን አውጥቼ፣ እንባውን ቀንሼ፣ ዳኛ ሊያነበው በሚችል አማርኛ አስቀምጥለታለሁ።

ከሁሉም የሚጥመኝ የአደራ ክስ ነበር። የሙት ልጆችን ቤት በስሙ ያዛወረ አጎት፣ የታማሚ እህቱን ዕቃ ሸጦ “ለማስታመሚያ ነው” ያለ ወንድም ሲገጥመኝ ጣቶቼ ይፈጥናሉ። “ተጠሪ የተጣለበትን አደራ በልቶ” የምትለውን ሐረግ ስጽፍ የጣቴ ምት ጭማቂ ቤት ድረስ ይሰማል እያሉ ያሙኛል። ከዚያ ቀና እልና፣ ባለጉዳዩ ባይጠይቀኝም፣ ስለ ባለአደራ ግዴታ አስተምረዋለሁ። የአደራን ንብረት ከራስ ንብረት ጋር አለመቀላቀል፣ ለራስ ጥቅም አለማዋል፣ ሲጠየቁ ማሳየት። አራተኛም ነበረች፤ እሷን ግን ሁልጊዜ እዘላት ነበር። ለምን እንደምዘላት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ መጽሐፍ አለኝ። ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ አስገብቼዋለሁ። ምነው የሚል ሲመጣ “እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የሚያስፈልገው ለጠረጴዛው ነው” እላለሁ። ሰዎች ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ቤቴ አብነት ነው። እዚያ ልብስ ሰፊ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ጎረቤት ነበሩኝ። ለመንገድ የምትከፍት የራሳቸው የሆነች አንዲት ክፍልና በእግር የሚነዱ ሁለት የስፌት መኪናዎች ነበሯቸው። ሲያገኙኝ ሰላም የሚሉት ፊቴን ሳይሆን ኮቴን ነበር። “አንተ፣ ቁልፍህ ሊወድቅ ነው፤ ግባ” ይሉኛል። ኮቴን ሳያስወልቁኝ፣ እንዳቆሙኝ፣ ቁልፉን አጥብቀው ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ያሰናብቱኛል። ፍርድ ቤት ሠፈር ስውል የሰው ፊት ሁሉ የተቆጣ ስለሚመስለኝ፣ ማታ በዚያች በር በኩል ማለፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት ታመሙና ኑዛዜያቸውን እንድጽፍላቸው አስጠሩኝ። አራት ምስክሮች ተቀምጠዋል፣ ብቸኛ ልጃቸውም እግራቸው ሥር አለች። ክፍሏና በውስጧ ያለው ሁሉ ለልጃቸው ልጅ እንዲሆን፣ ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ደግሞ እኔ ባለአደራ ሆኜ እንድይዝላት ነው ፍላጎታቸው። ልጅቱ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

“ለልጅዎ ለምን አይሆንም?” አልኳቸው፤ ለሥነ ሥርዓቱ ያህል።

“ልጄ ደግ ናት” አሉ። “መኪናውን የለመናት የመጀመሪያው ሰው ይዞት ይሄዳል።”

ልጃቸውም ከእግራቸው ሥር “እውነታቸውን ነው፣ ጋሼ” አለች።

ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። “አደራ” አሉኝ። “አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ።” ሳምንት ሳይሞላ አረፉ።

እኛ ዘንድ አደራ ሲባል ምን ማድረግ እንዳለበት የሚጠይቅ የለም። የአደራ ዕቃ አይነካም፣ በቃ። አባቴ የአንድ መንገደኛ ነጋዴን ከረጢት ዓመታት አስቀምጦ፣ ሰውየው ሲመለስ በቋጠሮው አስረክቦታል። ውስጡ ስንዴ ነበርና ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። ሰውየው ግን ቋጠሮው እንዳልተፈታ አይቶ የአባቴን ጉልበት ስሞ ሄደ። ይህ በቤታችን እንደ ትልቅ ታሪክ ሲነገር ነው ያደግሁት፤ ስለ ስንዴው ያዘነ ሰው አላስታውስም።

እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ። ከቀብር መልስ በሩን ቆለፍኩት፣ ሌላ ሁለተኛ ጓጉንቸር ጨመርኩበት። ቁልፎቹን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጁን ጠርጌ ጓጉንቸሮቹ እንዳይዝጉ የዘይት ጠብታ አደርግባቸው ነበር። ሰፈርተኛው እያየ “እንዲህ ያለ ባለአደራ ትተው ቢሞቱ አያስቆጭም” ይላል፣ እኔ ደግሞ እንዳልሰማሁ ሆኜ መጥረጊያውን ቀስ አደርገዋለሁ።

ክፍሏን የጠየቀኝ ብዙ ነው። ፀጉር አስተካካይ መጣ፣ መለስኩት። አንድ ሰፊ ልጅቱን እያስተማርኩ ልሥራባት ብሎ ለመነኝ፣ መለስኩት። እድሩ ለአንድ ለቅሶ ወንበር ላሳድርባት ቢል እሱንም መለስኩ፤ እድር መመለስ እንኳን ለእኔ ለማንም አይቀልም። ልጅቱ ራሷ በአሥራ አራት ዓመቷ መጣችብኝ።

“ጋሼ፣ መኪናው ላይ ልለማመድ?”

“የሰው ዕቃ አይነካም።”

“የማን ሰው?”

“ያንቺ።”

ትንሽ አሰበችና “እኔ ፈቅጃለሁ” አለች።

“አንቺ ልጅ ነሽ፤ መፍቀድ አትችዪም” አልኳት። መልሱ ከሕግ አንጻር ስላማረኝ ማታ ለባለቤቴ ደገምኩላት።

ባለቤቴ አላማራትም። “አንተ እኮ ባለአደራ ሳትሆን ዘበኛ ነህ” አለችኝ። ቀጥላም፣ “ዘበኛስ ዝናብ ሲመጣ ጣራውን ቀና ብሎ ያያል” አለች። ሴት ሕግ አታውቅም አልኩ። በእርግጥ ይህን ድምፅ አውጥቼ አላልኩትም፤ እሷም ድምፅ አውጥቼ ባልልም ሰማችኝ፣ ለሁለት ቀን ያህልም አኩርፋኝ ሰነበተች።

ልጅቱ ታዲያ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ማሠልጠኛ ገብታ በሰው መኪና ስፌት ተማረች። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ከምናምን ሆኗት፣ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። አያቷ ሲቆሙ እንደሚያደርጉት አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋለች። የመጀመሪያ ሥራዋን አግኝታለች። ለልደታ በዓል ሃያ አራት ሕፃናት የሚለብሱት የመዝሙር ቀሚስ ነው፣ ጨርቁንም ሰጥተዋታል። ማሠልጠኛው የውጭ ሥራ አያስገባም። ክፍሏ ከተከፈተችላት ትሠራለች፣ ካልተከፈተች እስከ ማግስቱ ማታ ጨርቁን ትመልሳለች፤ ሥራውም ለሌላ ይሰጣል።

“ሐምሌ ላይ አሥራ ስምንት ይሞላሻል” አልኳት። “ሁለት ወር ከምናምን ነው የቀረሽ። ያኔ በቋጠሮው አስረክብሻለሁ።”

“ልደታ ግንቦት አንድ ናት፣ ጋሼ። ለእኔ ብላ ሐምሌ ላይ አትውልም።”

“ቃል ነው። አያትሽ አደራ ብለውኛል።”

አልተከራከረችኝም። አመስግና ሄደች፤ ያ ራሱ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቷን አስከትላ ተመለሰች። እናቷ መንደሪን በፌስታል ይዛለች፣ ልጅቱ ፈገግ ብላለች። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ እኔ ግን ሊለምኑኝ የመጡ መስሎኝ ፊቴን አስቀድሜ አጠነከርኩ።

“ማመልከቻ እንዲጽፉልን ነው” አለች ልጅቱ።

“በማን ላይ?”

“በእርስዎ ላይ።”

የጭማቂ ቤቷ ልጅ ያዘዝኩትን አቮካዶ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ እየሳቀች ወጣች።

“በዚህ መንገድ ላይ ስድስት ጸሐፊ አለ” አልኩ። “ምን ጎደለና እኔ ጋ መጣችሁ?”

“ጠይቀናል፣ ጋሼ” አለች እናቷ አንገቷን ደፍታ። “ሁሉም ‘የአደራ ክስ ከሆነ እሳቸው ጋ ሂዱ’ አሉን።”

አልጽፍም ማለት ነበረብኝ። ራሱን የሚከስ ጸሐፊ በየትኛው አገር አለ? ግን ሙያ ክፉ ነው፣ ሙገሳ ደግሞ ይብሳል። ስድስት ተፎካካሪዎቼ በአንድ ድምፅ መስክረውልኛል። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ባለአደራ ከአደራው ባለቤት ላይ ጥቅም አያገኝምና ዋጋ እንደማልቀበል ነገርኳቸው። እናቲቱ “መንደሪኑስ?” ብላ ጠየቀች፤ መንደሪኑንም ወደ እነሱ ገፋሁት።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የተባለው እውነት ነው። “ተጠሪ በሠፈራቸው የተከበሩ፣ በታማኝነታቸው የተመሰገኑ ሰው ሲሆኑ” ብዬ ጀመርኩ።

ልጅቱ ትከሻዬ ላይ ሆና ታነባለች። “ጋሼ፣ ይሄ ክስ ነው የምስጋና ወረቀት?”

“ልሰርዘው?”

“ይሰርዙት።”

ሰረዝኩት። “ተጠሪ በቅንነት ተነሳስተው” አልኩ፤ እሱንም አሰረዘችኝ። “ተጠሪ ከዕድሜያቸው መግፋት የተነሳ” ስል እናቲቱ እንኳ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። በመጨረሻ ከትህትናው ወርጄ፣ ሰውን ሁሉ እንደምጽፈው፣ ተጠሪ እንዲህ አደረገ፣ ተጠሪ እንዲህ አላደረገም ማለት ጀመርኩ።

“አንድ ነገር ግን ይጻፉ” አለችኝ ልጅቱ፤ አሁን አትስቅም። “ተጠሪ አደራውን አልበላም ብለው ይጻፉ። እሱ እውነት ነው።”

ጻፍኩት። በዕድሜዬ አልበላም ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው የአደራ ክስ ነው።

“ታዲያ ካልበላ ምን አጠፋ ልበል?” አልኳት።

“እሱን ሕጉ ነው የሚነግረን። የትኛው አንቀጽ ነው?”

በቃሌ የማውቀው አንቀጽ አልመጣልኝም። ጣራ ጣራውን አየሁ፣ አልመጣም። ጎንበስ ብዬ መጽሐፉን ከጠረጴዛው እግር ሥር ሳብኩት። ጠረጴዛው ዘመመ፣ የአቮካዶው ብርጭቆ ተንሸራተተ፣ እናቲቱ አየር ላይ ቀለበችው። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ እየነፋሁ ስለ አደራ የሚለውን ምዕራፍ አገኘሁ። ሦስቱ ግዴታዎቼ አሉ። አራተኛዋም እዚያው አለች፤ ቃል በቃል ባልጠቅሳትም፣ ባለአደራ ንብረቱን በጥንቃቄና በትጋት፣ እንደ ጥሩ አባወራ ማስተዳደር አለበት የምትል ናት። ይቆልፍ የሚል ቃል ፈለግሁ፤ የለም።

ማስተዳደር የሚለው ቃል ላይ ጣቴ ቆመ። አማርኛ አውቃለሁ ባይ ነኝና፣ አደራም አስተዳደርም ‘አደረ’ ከሚለው ከአንድ ግንድ እንደበቀሉ ያን ዕለት ልብ አልኩ። ትተህ ብትሄድም ሰላም የሚያድር፣ እሱ አደራ ነው። ሰው የሚያድርበት፣ የሚተዳደርበት ሲሆን ደግሞ አስተዳደር ይሆናል። እኔ ከአንዱ ግንድ አንዱን ቅርንጫፍ ይዤ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ። ሳላስበው ጣቶቼ “ንብረቱ ስድስት ዓመት አደረ እንጂ አልተዳደረም” ብለው ጻፉ። ልጅቱ “ይቺ ጥሩ ናት” አለች፤ እውነትም ጥሩ ነበረች።

የጻፍኩትን ለባለጉዳይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ልማዴ ነው። አትሜ፣ መነጽሬን አስተካክዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ በኩራት አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ፣ ተጠሪ የንብረቱ ባለቤት ራሷ ሙያ ለመማር ስትጠይቀው መከልከሉን፣ አስተማሪ ሲመጣላት መመለሱን፣ አሁንም የመጀመሪያ ሥራዋ ከእጇ ሊወጣ መሆኑን እያነበብኩ ሳለ ድምፄ ወረደ። በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንት ዓይነት ተጠሪ አውቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ደረቅ ግን አልገጠመኝም ነበር። ዳኛ ብሆን ይህን ሰው በዚያው ቀን ከባለአደራነቱ አነሳዋለሁ። ሦስተኛውን አንቀጽ አላነበብኩትም። ኮምፒውተሩን ዘጋሁና “ተነሱ፣ እንሂድ” አልኳቸው።

“ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ጋ?” አለች እናቲቱ።

“አብነት።”

ጓጉንቸሮቹ፣ ዘይታቸው ይባረክና፣ ሳይንገራገጩ ተከፈቱ። በሩ ግን ከደፉ ጋር ተጣብቆ በትከሻችን ገፋነው። ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ የእርጥበትና የአይጥ ሽታ። ጣራው ጥግ ላይ ተበስቶ በስድስት ክረምት ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር አውርዷል። የመጀመሪያውን መኪና ልጅቱ በእግሯ ብትረግጠው ነቅነቅ አልልም አለ፤ ዝጎ ደርቋል። የሁለተኛውን ማዞሪያ ጠፍር አይጥ በልቶታል። ለጓጉንቸሮቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ሳጠጣ፣ ከበሩ ወዲያ ያሉት መኪናዎች አንድ ጠብታ አላገኙም።

ግድግዳው ላይ፣ ከመስቀያ፣ በአንሶላ የተሸፈነ ነገር ነበር። ልጅቱ አንሶላውን ገፈፈችው። ግራጫ የሱፍ ካፖርት ነው፣ የልጅ። ሰፊ በሳሙና የሚያሰምረው ምልክት እንኳ ገና ጫፉ ላይ አለ። ገልብጣ ውስጡን አየች። ሰፊ ስለሆነች ከእኛ ቀድማ ገባት።

“ትርፉን ያዩታል?” አለች። በየመገጣጠሚያው ሦስት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ እጅጌው ጫፍም፣ ታችኛው ጠርዝም። “በየዓመቱ እየተረተረ እንዲለቀቅልኝ ነው። እስካድግ ድረስ እንድለብሰው።”

አንድ እጇን አስገባችበት። የታጠፈው ሁሉ ቢለቀቅም አይደርስም፤ እጅጌው ክርኗ ታች ቀረ። ስትንቀሳቀስ ከጀርባው ዱቄት ረገፈ። ብል ወንፊት አድርጎታል።

አፈርኩ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። አደራ በላ እያልኩ ስንቱን ሰው ስሰድብ የኖርኩ ሰው፣ እኔ እውነትም አልበላሁም፤ ብል ነው የበላው። ለብሉ ስድስት ዓመት በር የዘጋሁለት ግን እኔ ነኝ። የአባቴ ስንዴ ትዝ አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ስንዴው አዘንኩ።

ካፖርቱን አጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና “ሃያ አራት ቀሚስ አለብኝ” አለች።

ባለአደራ በጥፋቱ የተበላሸውን ያቃናል፤ መኪና ጠጋኝም ጣራ ሠሪም በራሴ ወጪ አመጣሁ። አንደኛው መኪና በነጭ ጋዝ ተነክሮ ተነሳ፣ ሌላው አልተነሳም። ቁልፉን ልሰጣት ብዘረጋ አልቀበልም አለች።

“እስከ ሐምሌ ባለአደራው እርስዎ ነዎት። ጠዋት ይክፈቱልኝ፣ ማታ ይዝጉልኝ።” ከዚያ ከቦርሳዋ ያችን ማመልከቻ አወጣች። “ይቺንም እስከዚያው ያስቀምጡልኝ። አደራ። ግን ቆልፈው አይደለም፣ እያነበቧት።”

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በር ከፋች ሆንኩ። ባለቤቴ “ዘበኝነቱ አሁን ገና ደሞዝ የሚገባው ሆነ” እያለች ቁርሴን ትቋጥርልኛለች። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሥራው ሲበዛ ልጅቱ መርፌ አስያዘችኝና የቀሚሶቹን ቁልፍ ይትከሉ ተባልኩ። ስድስት ዓመት ቁልፍ ጠብቄ ቁልፍ ተካይ ሆኜ አረፍኩት። የተከልኳቸውን ግማሾቹን ፈትታ ደግማ ተክላቸዋለች፤ ያየሁ እንዳይመስላት ዞር ብያለሁ። በልደታ ዕለት ሃያ አራቱ ሕፃናት ቀሚሳቸውን ለብሰው ሲያልፉ፣ ሰው ሁሉ ፊታቸውን ሲያይ እኔ ቁልፋቸውን ነበር የማየው። አንድም አልወደቀም።

ሐምሌ ላይ አሥራ ስምንት ሞላት። እናቷና ባለቤቴ ባሉበት ቁልፎቹንና ማመልከቻዋን አስረከብኳት። ማመልከቻዋን ገልጣ አነበበች። “ተጠሪ አደራውን አልበላም” ከሚለው ቀጥሎ በእስክሪብቶ “አስበላ እንጂ” ብዬ ጨምሬበት ነበር።

“ጋሼ፣ በእጅ የተጨመረበት ማመልከቻ ሬጅስትራር አይቀበልም” አለችና አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ ሳበች። “እጅዎን ይዘርጉ። ኮትዎ አልቋል።”

“ባለአደራ ከአደራው ጥቅም አያገኝም” አልኩ።

“ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ባለአደራ አይደሉም። ይዘርጉ።”

ዘረጋሁ። ትከሻዬን ለካች፣ ደረቴን ለካች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች። “ለእርስዎ ትርፍ አልተውም” አለችኝ፤ “ከእንግዲህ አያድጉም።” ባለቤቴ ከወንበሯ ላይ ሆና ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እጅጌዬ ላይ ስትደርስ ግን ግራጫውን ካፖርት ዞር ብላ አየችና ሁለት ጊዜ ለካችው።